የኒካሲያ ቆሻሻ መስክ

በፓሶ ፒሪ መስኳን የማታቃጥል ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም አበልጄ ኒካሲያ ቬሮን ናት። እንዲህ ሲሉት ቀላል ነገር ይመስላል። እኛ ጋ ግን ኦገስት፣ ደረቁና ብርዱ የክረምታችን ወር፣ መጥቶ መስኩን ያላቃጠለ ሰው፣ እንግዳ ደጅ ቆሞ ቤቱን ያልጠረገ ሰው ማለት ነው። «ቆሻሻ መስክ» ይሉታል። የደረቀው ካልነደደ አዲሱ አይበቅልም፤ አዲሱ ካልበቀለ ላሟ አትጠግብም፤ ላሟ ካልጠገበች ባለቤቱ ወይ ሰነፍ ነው፣ ወይ ታሟል፣ ወይ ሰው የለውም። አያቶቻችን እንዲህ አሉ፤ እኛም ሳንጨምር ሳንቀንስ እንላለን። ኒካሲያ ሰው አላት። ችግሯም እሱ ነው።

እኔ ዳልማሲዮ እባላለሁ፤ በኢቤራ ረግረግ ላይ ታንኳ ገፊ ነኝ። ኒካሲያ የመጀመሪያ ሴት ልጄን ክርስትና አንሥታለች። አበልጅነት እኛ ጋ ከሥጋ ዝምድና አያንስም፤ እንዲያውም ይብሳል፣ ሥጋ ዘመድህን መርጠህ አላመጣኸውማ። ስለዚህ ይህች ሴት ስታናድደኝ ተነሥቼ መሄድ አልችልም። ስታናድደኝ ደግሞ ኖራለች።

ባሏ ኤፒፋኒዮ አዳኝ ነበር። ውሻውን ታንኳው አፍንጫ ላይ አስቀምጦ ደንገሉ ውስጥ ከገባ ብዙ ቀን ይቆያል። ልጅ አልወለዱም፤ ኒካሲያ ብቻዋን ዳር ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። ወፍ ማየት የጀመረችው ያኔ ነው፤ ለደስታ አልነበረም፣ ባሏ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ነው። ቻሃዎቹ፣ እነዚያ ስማቸውን የሚጮሁት ትልልቅ ወፎች፣ ከሩቅ ከጮሁ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ሳቢሳዎቹ በአንድነት ተነሥተው ወደ አንድ ወገን ከዞሩ ታንኳ ነው፤ ተበታትነው ከተነሡ አዞ ነው። እምቦጩ ተከፍቶ ቶሎ ካልተገጠመ ታንኳው ሥጋና ቆዳ ከብዶታል ማለት ነውና ውሃ ትጥዳለች። ኤፒፋኒዮ ከሞተ በኋላ የምትጠብቀው ሰው የለም፤ ዓይኗ ግን መጠበቅ ለምዶ ቀረ። ጧት ጧት ወንበሯን አውጥታ፣ በቅል ማቴዋን፣ ያንን መራራ የቅጠል ሻይ፣ ይዛ፣ ፊቷን ወደ መስኩ ታዞራለች። ከውሃው ወደ ሣሩ የዞረችው ውሃውን ማየት ልቧ እምቢ ስላላት ይመስለኛል። ይህንን ነግራኝ አታውቅም።

ሣሩ ውስጥ ያገኘችው ዬታፓን ነው። ጭብጥ የማይሞላ ወፍ ነው። ወንዱ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከጅራቱ ሁለት ጥቁር ላባዎች ይወርዳሉ፤ ከራሱ ይረዝማሉ። ሲበር ቀሚስ የረዘመበት ልጅ ይመስላል፤ አሁን ወደቀ፣ አሁን ወደቀ ትላለህ። ጸደይ ሲገባ የጉሮሮው ላባ ይረግፍና ቆዳው እንደ በርበሬ ይቀላል። ሴቷ ቡናማ ናት፤ የምትታይም አይደለች። ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው ግን በእሷ ላይ ነው። ጎጆዋን የምትሠራው ቀዩ ሰንበሌጥ ውስጥ፣ ከጉልበት ዝቅ ብላ ነው፤ እሱም ማንኛውም ሰንበሌጥ አይሆናትም። ከተቃጠለ ገና ዓመቱ የሆነ ሣር ለምለም ነው፣ ያምራል፣ ግን ሥሩ ባዶ ነው፤ ነፋስም እባብም በውስጡ ያልፋል። ሁለት ክረምት ያለ እሳት የከረመው ግን የሞተ ቅጠሉ በሥሩ ተከምሮ ከነፋስም ከዓይንም ይከልላል። ሴቷ የምትፈልገው ያንን የሞተ ቅጠል ነው። እኛ ቆሻሻ የምንለውም ያንኑ ነው።

አንድ ዓመት ኦገስትን ሙሉ ዘነበና ቃጠሎው ወደ ኦክቶበር ተገፋ። ኒካሲያ በዚያ ወር ጎጆ አግኝታ ነበር፤ እንቁላል ያለበት። ወንድሟ ሮቡስቲያኖ በፈረስ ሆኖ፣ ዘይት የተነከረ ጨርቅ ከኋላው እያነደደ እየጎተተ፣ እያፏጨ መጣ። እየጮኸች ሮጠች። እሱ እሳቱ እንዳይበላት የሮጠች መስሎት ፈረሱን አዙሮ እሷን አፈፍ አድርጎ ወደ ቤት ወሰዳት። ወንዱ ወፍ አመዱ ላይ ሲዞር ሰነበተ። «እህቴ፣ ወፍ እኮ ሞልቷል» አላት ሮቡስቲያኖ፤ ሊያጽናናት ነበር።

ከዚያ በኋላ ኒካሲያ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፦ ከገዛ መስኳ፣ ከገዛ ሣሯ፣ የዬታፓ ጫጩቶች ወጥተው ሲበሩ ማየት። አንድ ጊዜ። ከእግዚአብሔርም ከሰውም ሌላ አልጠየቀችም። ሣሩ ለከብት ነው እንዳይሏት ላሞቿን ሸጠች፤ ዙሪያውን በሽቦ አጠረች፤ ተወችው።

ሰፈሩ ይህንን እንዴት እንዳነበበው መገመት አያቅትም። ባሏ የሞተባት ሴት ላሟን ሸጠች፣ ሣሩ ወገቧን አለፈ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ባዶ ሜዳ ታያለች። ሮቡስቲያኖ እንቅልፍ አጣ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር፤ ክፉን ሰው ትሰድበውና ይወጣልሃል። ሮቡስቲያኖ ግን የሰው ጣሪያ ሲያፈስ ሳይጠሩት መሰላል ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ነው። አጥሩ ላይ ተደግፎ ሲለማመጣት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

«ኒካሲያ፣ እባብ ይገባብሻል እኮ።»

«ይግባ።»

«ሰው ምን ይላል? ሮቡስቲያኖ እህቱን ጣላት ነው የሚለው።»

«አንተ ምን አጠፋህ? እኔ ነኝ ተዉልኝ ያልኩት። ተወው በቃ፣ አትድከም።»

ይህ «አትድከም» የሚሉት ነገር ነው የገደላት። እኛ አገር «እሺ ና፣ አግዘኝ» ብሎ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ነውር ነው። የቸገረው ሰው «አትድከሙ፣ ተዉት» ይላል፤ አንተም ሰው ከሆንክ አትሰማውም፣ ትመጣለህ። «አትምጣ» ሲሉት የሚቀር፣ የሚቀር ሰበብ የሚፈልግ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ አገር እውነተኛ «ተዉኝ» በምን ቋንቋ ይነገራል? እኔ እንጃ። እሷም አላገኘችውም።

ሣሩ አንድ ክረምት አለፈው። በዚያው ጸደይ ዓይኖቿ ደከሙ። ሞራ ነው፤ ሁለቱንም ይዟቸዋል። መጀመሪያ ለማንም አልተናገረችም፤ ነገር ግን ጧት ከታንኳዬ ስወርድ እየጠራች ታስቀምጠኝ ጀመር።

«ዳልማሲዮ፣ ያ ሣሩ ጫፍ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

«ወፍ ነው።»

«አመሰግናለሁ፣ እኔ በሬ መስሎኝ ነበር። ጅራቱ ሁለት ነው?»

«ሁለትም ይመስላል አንድም ይመስላል።»

«አንተ ዓይን ነው ግንባርህ ላይ የተሰካው ወይስ ቁልፍ? ከበታቹስ? ቡናማ ነገር የለም?»

«ቡናማ ወፍማ የትም አለ፣ አንዱ ገባ ወጣ ይላል፤ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።»

«እሷ ናት እኮ! እሷ ናት፣ አንተ ደንቆሮ! አፏ ላይ ሣር ይዛለች?»

እኔ ሣር ትያዝ አትያዝ የት አውቄ። ሥራ አለብኝ፣ እንግዳ ይጠብቀኛል፣ ማቴው ቀዝቅዟል። «ይዛለች» ብዬ ብዋሽ በተገላገልኩ፤ ደግሞ ታውቅብኛለች። በዚያ ዓመት ሴቷ ገባ ወጣ ብላ ትታ ሄደች፤ ሣሩ ገና ነበር። ኒካሲያ አልከፋትም። «በሚመጣው ነው» አለች፤ «በሚመጣው ሣሩ ይደርሳል።»

ታዲያ በሚመጣው በምን ዓይኗ ልታይ ነው? የዓይን ሞራ በነጻ የሚገፍፉ ሐኪሞች ኮሪየንቴስ ከተማ የሚመጡት በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም በኦገስት። አንዱን ዓይን በአንዱ ዓመት፣ ሌላውን በሌላው ይሠራሉ። እሷ ደግሞ በኦገስት መስኳን ትታ ንቅንቅ አልልም አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ባለቤቴን ላክሁባት። በመጨረሻ «ሣሩን የምትጠብቂው ለማየት አይደለም ወይ? ሳታዪው ጫጩቶቹ ቢበሩ ላንቺ ምንሽ ነው?» ስላት ገብታ ሻንጣዋን አወጣች።

በኦገስት መጀመሪያ ቀን እንደ ደንቡ ተሰብስበን ጤና አዳም የተዘፈዘፈበትን የአገዳ አረቄ በባዶ ሆዳችን ጠጣን፤ ይህ የብርድ ወር ሽማግሌዎችን እንዳይወስድብን ነው። ኒካሲያ ብርጭቆውን እንደያዘች ወንድሟን አየችው።

«ሮቡስቲያኖ፣ ወደ ከተማ መሄዴ ነው። መስኬን አደራ።»

«አንቺ ዓይንሽን ብቻ አስቢ» አላት፤ እንባው መጣ። አደራ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። «እኔ አለሁልሽ አይደል?»

እዚያው ቆሜ ነበር። ሁለቱም የተግባቡ መስሎኝ ነበር።

ሐኪሞቹ ግራ ዓይኗን ሠሩላት። በነጋታው ፋሻው ሲነሣ መስኮቱ ላይ አንዲት ርግብ ነበረች። ኒካሲያ አተኩራ ተመለከተቻትና «እግሯ ቀይ ነው፤ ጥፍሯ ደግሞ ጥቁር» አለች፤ ከዚያም ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሐኪሙ ማልቀስ ለዓይኑ ጥሩ አይደለም ብሎ ተቆጣት።

በአውቶቡሱ መንገድ ሁሉ አላስተኛችኝም። ፊቷን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ትጠራለች፦ ፊላው አብቧል፣ ያ ቄጠማ ከሥሩ ቢጫ ነው፣ እዚያ ሽቦው ላይ ሦስቱ ጥቁር ራስ ወፎች፣ አራተኛዋ ሴቷ ናት። «አየሃት? አታያትም። ያንተን ነገር ጨርሻለሁ፣ ዳልማሲዮ፤ በዚህ ጸደይ ሴቷን ራሴ ነው የማያት። አፏ ላይ የያዘችውን እንኳ አያለሁ።» በሕይወቴ አንዲት የስድሳ ዓመት ሴት እንዲህ ደስ ብሏት አላየሁም። እኔም ደስ አለኝ፤ ደከመኝም።

ከአውቶቡስ ወርደን ስንሄድ ጭስ ሸተተኝ። ኦገስት ነው፣ አገሩ ሁሉ ጭስ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ የአኮርዲዮን ድምፅ ሰማን። ኒካሲያ «ማን ነው የሚያገባው?» ብላ ሳቀች። ከባሕር ዛፎቹ ታጠፍን።

መስኩ ጥቁር ነበር። ከሽቦ እስከ ሽቦ አንድ ሰንበሌጥ አልቀረም። ሥራውን ደግሞ አሳምረው ነው የሠሩት፤ ዙሪያውን መክተው፣ ነፋሱን ጠብቀው፣ አንዲት የአጥር ቋሚ እንኳ ሳትለበለብ። ሰፈሩ ሁሉ ደጇ ላይ አለ፤ በግ በዘንግ ላይ ተወጥሮ እሳት ዳር ተተክሏል፣ ቺፓው፣ የአይብ ዳቦው፣ በቅርጫት ሙሉ ነው። ሮቡስቲያኖ ፊቱ ጥላሸት በጥላሸት ሆኖ እጆቹን ዘርግቶ መጣ።

«እህቴ! አዲሱ ዓይንሽ ቆሻሻ እንዳያይ ብለን! ሁሉም መጥቶ ነው፣ አንድም የቀረ ሰው የለም!»

ኒካሲያ ቆመች። መስኩን አየች፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ እነዚያን ጥላሸት የለበሱ ፊቶች አየች፤ ሁሉም ፈገግ ብለው ይጠብቋታል። ትሰድባቸዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ትስደባቸው ብዬም ጸለይኩ።

«ምን ያደክማችኋል» አለች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ተቀምጣም ከበጉ በላች። እኔ ሮቡስቲያኖን ከቤቱ ኋላ ወስጄ ጮኽኩበት።

«አደራ አላለችህም? አትንካ አላለችህም?»

«አደራ ስላለችኝ ነዋ! ዝም ብዬ ልቀመጥ?»

«አትንካ ነው ያለችህ፣ አንተ በሬ!»

«ማን ነው አትንካ የማይል?» አለኝ። ከልቡ ግራ ገብቶታል። «አንተ ራስህ ባለፈው ጣሪያህን ስንከድንልህ አትድከሙ አላልክም? ደግሞ አሁን ጣሪያህ ያፈሳል?»

አያፈስም። ልመታው እጄን አነሣሁና ትከሻውን ነካ አድርጌው ተመለስኩ። የሚያናድደው ይህ ነው፤ ጥፋት አለ፣ አጥፊ ግን የለም። ጥላሸት የነካው የወዳጅ እጅ ብቻ ነው ያለው።

ጸደይ ገባ፤ መስኩ አረንጓዴ ሆነ፣ ነጫጭ አበባ ወጣበት። አላፊ አግዳሚው ሁሉ «ይኸው ደስ አይልም?» ይላታል። ወንዱ ዬታፓ መጣ፤ ጉሮሮው ቀልቶ፣ ጅራቱን እየጎተተ ዙሩን በረረ። ሴቷም መጣች። ኒካሲያ አልጠራችኝም፤ ራሷ አየቻት። ሴቷ ወደ ሣሩ ወረደች፣ ወጣች፣ ሌላ ጋ ወረደች፣ ወጣች። አፏ ላይ አንዲት ሰበዝ ይዛለች፤ የምታስቀምጥበት አጣች። ሽቦው ላይ ቆየችና ሰበዙን ጥላ ከብት ወደሚርመሰመስበት ወደ ጎረቤት ሜዳ ተሻገረች፤ ወንዱም ተከተላት። በዚያ ዓመት አልተመለሱም።

«ይህንን ለማየት ነው ዓይኔን ያስከፈትኩት» አለችኝ ኒካሲያ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ነበር፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን እሷም አላወቀችም። «ድሮ ብዥ ሲልብኝ ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ ሰበዙን አላይም ነበር።»

ዘንድሮ ደግሞ የቀኙ ዓይን ተራ ደረሰ። ሣሩ ገና አንድ ዓመቱ ነው፤ ሌላ ክረምት ያለ እሳት ይቀረዋል። ሐኪሙ ሞራው እየጠጠረ ነው፣ ከዘንድሮ ካለፈ አልነካውም ብሏታል። እሷ ግን ወንበሯን አጥሩ ሥር ተክላ፣ ጎኗ ባልዲ ውሃ አስቀምጣ፣ አልሄድም አለች። እኔ ከዚህ ሴት ጋር የተጣላሁትን ያህል ከማንም ጋር አልተጣላሁም።

«እኔ እጠብቅልሻለሁ አልኩሽ! ከዚህ ሽቦ ሥር አልነሣም!»

«ሰፈሩ በግ ይዞ፣ እየሳቀ፣ ‹ለኒካሲያ ነው› ብሎ ሲመጣ ምን ትላቸዋለህ?»

«አይሆንም እላለኋ!»

«እነሱስ ምን ይሰማሉ?»

ተነሥቼ ወደ ታንኳዬ ወረድኩ።

አውቶቡሱ የሚመጣበት ጧት ሻንጣዋን ራሴ አሰርኩ፤ ባለቤቴ ኮቷን አመጣች። ሮቡስቲያኖም ለመንገድ ቺፓ በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ።

«ተነሺ እንጂ እህቴ፣ ያልፍሻል። መስኩን ተይው፣ እኔ እጠብቅልሻለሁ።»

ኒካሲያ ቀና ብላ አየችው።

«ወንድሜ፣ እኔ የምፈራው አንተ ስትጠብቅልኝ ነው።»

ሮቡስቲያኖ የተመታ ያህል ቆመ። ቺፓውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ባሕር ዛፎቹ ጋ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ፣ ደገመ፤ ከዚያ ሞተሩ እየራቀ ሄደ። እኔ ሻንጣውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሮቡስቲያኖ እህቱ እግር ሥር፣ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። በዚህ ሁሉ ዘመን ጠይቋት የማያውቀውን ጠየቃት።

«ግን እዚያ የምታዪው ምንድን ነው?»

ፊቷ በራ፤ እውነቴን ነው፣ በራ። ጎንበስ ብላ ጉንጯን ከጉንጩ አስጠግታ በጣቷ አሳየችው። ወንዱ ሰንበሌጡ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሁለቱ ላባዎቹን ነፋሱ ወደ አንድ ወገን ያጥፋቸዋል። እኔ እንኳ አየሁት። ሮቡስቲያኖ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዓይኑን በመዳፉ ከልሎ፣ ሁለት ደህና ዓይኖቹን አጥብቦ፣ ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«እኔ የሚታየኝ ሣሩ ነው» አለ። «ጥሩ አድርጎ ደርቋል።»

ኒካሲያ ጣቷን መለሰች። ወንበሯን አንሥታ፣ ወደ ሣሩ አስጠግታ ተቀመጠች።